ውሻው እንዴት ወጣ?

አናጢው ሞቶ የተገኘው ቤተሰቡ እሁድ እሁድ በሚወጣበት ኮረብታ ላይ፣ ከገደሉ ስር ነበር። አንድ እጁ በጨርቅ ከአንገቱ ጋር እንደታሰረ ነው፤ ትከሻውን ከታከመ ገና ወር አልሞላውም። ከላይ፣ ከገደሉ አፋፍ፣ ያረጀው ነጭ ውሻው ቁልቁል እያየ ይጮህ ነበር።

ሚስቱ ጉልበቷን ስለሚያማት መኪናው ዘንድ ቀርታ ነበር። አሁን ሳሎኗ ውስጥ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ እንባዋ እንኳ ለባሏ ብቻ አልሆነም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዲሉ፣ ፖሊሶቹ ብቸኛ ልጇን በዓይናቸው መብላት ጀምረዋል። አባትና ልጅ ዳገቱ ላይ ሲጨቃጨቁ ሌሎች ተጓዦች ሰምተዋል።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት፤ ወንበር ቢሳብላትም አልተቀመጠችም።

«በምን ተጣላችሁ?» አለችው ልጁን።

«በቀደም የእንጨት መጋዘናችን ተቃጥሎ ነበር። ‹በሲጋራህ ያቃጠልከው አንተ ነህ› ይለኛል። አይደለሁም ብዬ ማልኩለት። ተናድጄ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

እናትየው ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ታናሽ ወንድሟ ትከሻዋን አቀፋት። እናታቸው ስትሞት ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ባሏን ለምና መጋዘኑ ውስጥ ሥራ ያስገባችውም እሷው።

«አይዞሽ እትዬ» አላት። ወደ መርማሪዋም ዞሮ፣ «እኔ ምንጩ ጋ ውሃ እየቀዳሁ ነበር። ውሻው ጥንቸል እያባረረ ሽቅብ ሲወጣ ከሩቅ አይቻለሁ። እሱን ሊመልስ ሲል ነው ያዳለጠው። ልጁን ተዉት፤ ቢናደድም አባቱን አይገፋም» አለ።

«ተገፋ ያለህ ማነው?»

«ያው... ሰው የሚያወራውን ነው።»

«ውሻውን ያወረድከው አንተ ነህ?»

«ኧረ ፖሊሶቹ ናቸው! እኔ ውሻ አልነካም።»

መርማሪዋ ውሻውን አስከትላ ወጣች። ሲመሻሽ ተመልሳ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ከአፋፉ በፊት ደረጃ የሚመስል ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ሌላ መውጫ የለም» ብላ ጀመረች። «ውሻውን ጠራሁት፣ ዳቦ አሳየሁት፣ ለመንኩት። ድንጋዩ ስር ቁጭ አለና የፊት እግሩን አንስቶ አየኝ። ምን ፈልጎ ነው እናቴ?»

«እንዲሸከሙት ነዋ። የኋላ እግሮቹ ከደከሙ ወዲህ ድንጋይ አይወጣም። ባሌ እንደ በግ ማጅራቱ ላይ አድርጎ ነበር የሚያሻግረው...» አለች። ይህን እስካሁን አለማሰቧ ገረማት።

«እንግዲያው የጥንቸሉ ነገር ውሸት ነው። ባለቤትዎም በአንድ እጃቸው ሊሸከሙት አይችሉም። ስለዚህ ሌላ ሰው ተሸክሞ አውጥቶታል፤ ውሻ ሊመልሱ ሲሉ ወደቁ እንዲባል። የልጅዎን ልብስ አየሁ፤ አንድ ፀጉር የለበትም።» ከወንድምየው ጀርባ ቆመች። «ሰው ደረቱን ያራግፋል፤ ማጅራቱን ግን አያየውም።»

በሰማያዊ ሹራቡ አንገትጌ ላይ ነጭ ፀጉር ተሰግስጓል።

ወንድምየው እጁን እህቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ሳቀ። «የቆየ ነው! ውሻ ያለበት ቤት አይደለም እንዴ? ባለፈው ሶፋው ላይ ተኝቼ የያዘኝ ነው። ሹራቡን ሁልጊዜ እንደምለብሰው እትዬ ታውቃለች።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ወንድሟ በልጅነቱ አጥፍቶ ከአባታቸው ዱላ ስትደብቀው ያያት በነበረው ዓይን አያት። ክረምቱን ሙሉ ስትሠራው የከረመችው ሹራብ ነው። ልጇንም አየችው።

«የለበሰው ገና ዛሬ ጠዋት ነው» አለች። «ኮረብታው ስር እኔው አለበስኩት። አንገቱንም ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ። ንጹሕ ነበር።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ማለት ይኼ ነው። የወንድሟ እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ።

«ልጁ ሲምልለት ጊዜ እኔን ጠረጠረ» አለ በቀጭን ድምፅ። «እንጨቱን እየደበቅኩ ስሸጥ ኖሬ፣ እንዳይታወቅብኝ መጋዘኑን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አፋፉ ላይ ‹እስቲ አንተም ማልልኝ› አለኝ። መማል አቃተኝ። ገፋሁት።»

«ልጄን ሲያስሩትስ ዝም ልትል ነበር?»

ሁለት እጁን ለፖሊሱ ዘረጋ። ፖሊሱ ካቴና አጥልቆለት በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞረ።

«እትዬ፣ እየመጣሽ ትጠይቂኛለሽ አይደል?»

ሴትየዋ የልጇን እጅ ያዘች።

«የምትጠይቅህን ሴት ከባሏ ጋር አብረህ ገፍተሃታል» አለችው።