ከነሳሉ

ካሴቱን ከእማዬ ቁም ሳጥን የሰረቅሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይታማ።

እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሶል የሚባለውን የፈረንጅ ሙዚቃ ትዘፍን እንደነበር ለደንበኞቿ ቢነገራቸው ይስቃሉ። አባቴ ጊታር እየመታላት አንድ ካሴት አወጡ፤ ጥቂት ተሸጦ ተረሳ። እኔ ሳልወለድ እሱ በሳንባ ሕመም ሞተ። እሷም ከዚያ ወዲህ አንጎራጉራ እንኳን አታውቅም።

ጆሮው የመጣው ያንን ካሴት ፍለጋ ነው፤ ሌላ ቅጂ የትም አላገኘም። ስሙ ሌላ ነው፤ ጆሮው ያልኩት እኔ ነኝ። የተረሱ ዘፈኖችን አጽድቶ በስብስብ መልሶ የሚያሳትም የድምፅ ባለሙያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ለካሴቱ ይሁን ለእኔ እንደሚመላለስ አልገባኝም ነበር። ባለፈው ሳምንት ገባኝ።

ዛሬ ሊያሰማት መጣ። እሷ ካልፈቀደች ዘፈኑ አይወጣም። ከዘፈኑ ቀጥሎ ደግሞ እኔን ሊጠይቃት አስቧል። ሁለታችንም ላብ በላብ ሆነናል።

«ካሴቴን ማን ሰጠህ?» አለችው እማዬ። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

«መጀመሪያ ይስሙት፣ እትዬ።»

ድምጿ ክፍሉን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ ወጣት። መቀሷን አስቀመጠች። ዘፈኑ ሲያልቅ ፊቷ ጠቆረ።

«እሱስ?»

«ማን?»

«ባሌ! ሁለተኛው አዝማች ላይ ይስላል። እንደገና እንቅዳው ሲሉ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። የት አደረስከው?»

ጆሮው አመዱ ቡን አለ። «ጫጫታ መስሎኝ… አጸዳሁት።»

«ካሴቱ ላይ አለ አይደል?» አልኩ።

«ክሩ አርጅቶ ነበር። አንዴ ከዞረ በኋላ ተበጣጠሰ። ልነግርሽ ፈርቼ ነው።»

የአባቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የቀረችውን ሳል የምወደው ሰው አጠፋት፤ ካሴቱን ያቀበልኩት ደግሞ እኔ። ያን ሰዓት ጠላሁት፣ እውነቴን ነው።

«ውጣልኝ» አለች እማዬ በቀስታ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

አልወጣም። ኮምፒውተሩን ከፈተ።

«ከዘፈን ያወጣሁትን ጫጫታ አልጥልም፣ እትዬ። አብሮ የወጣ ነገር ቢኖር ብዬ ለብቻው አስቀምጠዋለሁ።»

ዘፈን የለውም። የክሩ ሽውታ ብቻ፣ ጠቅታ፣ ወለል የሚመታ እግር። ከዚያ ደረቅ፣ የታፈነ ሳል። ከሳሉ ቀጥሎ አንድ ወንድ በሹክሹክታ፦

«ይቅርታ፣ የኔ ዓለም።»

እማዬ የምትሰፋውን ቀሚስ ፊቷ ላይ አደረገችው። እኔም አለቀስኩ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚናገረው ለካ።

ቀና አለች። «መልሰህ ቀላቅለው። ከነሳሉ ይውጣ፣ አለዚያ ይቅር።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ሌላስ? ለዘፈን ብቻ እንዲህ አላላበህም መቼም።»

ጆሮው ወደ እኔ ዞረ። ዓይኔን ከዓይኑ አልነቀልኩም። አሁንም ተናድጄበታለሁ፤ አሁንም ሌላ ሰው አልፈልግም።

«ልጅዎን…» ብሎ ጀመረ።

እማዬ እንባዋን ጠርጋ መቀሷን አነሳች።

«ስትተኛ ታንኮራፋለች» አለችው። «እሱን ደግሞ አጸዳለሁ እንዳትል።»