ዘጠኙ ግራም

ፖሊሶች ከማርቫ ፍሪጅ፣ ከበረደው ዓሣ ሥር ክራክ ኮኬይን አወጡ። ሃምሳ አንድ ግራም።

ሃምሳ ከሞላ ሕጉ ትንሹ ቅጣት አሥር ዓመት ነው ይላል። ዳኛው ዝቅ ማድረግ አይችልም።

«በእኔ ቢሆን አንድ ዓመት ይበቃሽ ነበር» አላት ሽማግሌው ዳኛ። አሥሩን ፈረደባት። የሁለት ዓመት ልጇን ቲያናን ለእህቷ ለጃኒስ ትታ ሄደች።

ዕቃውን የደበቀው አብሯት ይኖር የነበረው ደረል ነው። «አርባ ሁለት ነው ያስቀመጥኩት» ብሎ እየማለ እስር ቤት ሞተ።

ዘጠኙን ማን ጨመረው?

ማርቫ ስድስት ዓመት ሙሉ ፈታሹን ፖሊስ ስትረግም ኖረች። በሰባተኛው ዓመት የክሷ መዝገብ ቅጂ እጇ ገባ። የላቦራቶሪው ወረቀት ሁለት ጥቅል ይላል። አርባ ሁለቱ ግራም በፌስታል ተቋጥሯል። ዘጠኙ በአርቲፊሻል ፀጉር ታስሯል፤ የፀጉሩ ጫፍ በእሳት ቀልጧል።

ፖሊስ ዕቃ እንዲህ አያስርም።

በመልካም ጠባይ ቀደም ብላ ተፈታች። ልጇን ለማስመለስ ሞቢል ከተማ ችሎት ቆመች፤ ጠበቃ ስለሌላት ምስክር የምትጠይቀው ራሷ ናት። ጃኒስ ምላ ምስክር ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«አታውቂም እንዴ? ሹሩባ።»

«ጫፉን በምን ትዘጊዋለሽ?»

«በላይተር። ምነው፣ ልትሠሪ አማረሽ?»

ሰው ሳቀ። ማርቫ ወረቀቱን ዘረጋችላት። ጃኒስ አነበበች።

«የቤቴ ቁልፍ ማን ጋ ነበር?»

«እኔ ጋ።»

«ባልሽ ሮይ በስንት ግራም ተያዘ?»

«በስልሳ።»

«ስንት ዓመት ታሰረ?»

ጃኒስ ዞራ ዳኛዋን አየች።

«መልሺ እንጂ!»

«አልታሰረም።»

«እኔ ቤት ፖሊስ የመጣውስ፣ እሱ በተያዘ በስንተኛው ቀን ነው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ!» ጃኒስ ጮኸች። «ከአሥሩ ዓመት የሚያወጣው ሌላ ሰው ማስያዝ ብቻ ነበር። ሮይ ደግሞ ደረል የት እንደሚደብቅ ያውቃል። ለፖሊሶቹ አርባ ምናምን ነው ያለው ሲላቸው፣ ከሃምሳ በታች አይጠቅመንም አሉት። ጨመርኩበት! ልጅሽን ግን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው ያሳደግኳት!»

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «ልጅቷ ወደ እናቷ ትመለስ። አክስትየዋን በተመለከተ ምን ይጠይቃሉ፣ ወይዘሮ ማርቫ?»

«ልጄ አሥራ ስምንት እስኪሞላት ዓይኗን እንዳታያት።»

«ልጅቷ ከአክስቷ በቀር እናት አታውቅም። በወር አንድ ቅዳሜ፣ በእርስዎ ቤት፣ ትያት።»

«ያሳሰረችኝ እኮ እሷ ናት!»

«ሰምቻለሁ። እዚህ ግን እጄን የሚያስር ሕግ የለም። የሰውን ነገር አይቼ እፈርዳለሁ።»

«ለእሷ ሲሆን ተቻለ!» አለች ማርቫ።

ጃኒስ እያለቀሰች ዳኛዋን አመሰገነች። ማርቫ ጠጋ አለቻት፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ቅዳሜ ነይ። ለምን ያለ እናት እንዳደገች ራስሽ ትነግሪያታለሽ። አንድም ነገር ሳታስቀሪ። አጠገብሽ ተቀምጬ እሰማለሁ።»