የኡስታድ ያዱላህ መሐረብ

የካሻን ከተማ ስጋጃ ነጋዴዎች «እሳቸው ያላዩት ስጋጃ ጥንታዊ አይባልም» የሚሏቸው አዛውንት ኡስታድ ያዱላህ፣ በነጋዴው በሐጂ ፊሩዝ ቤት፣ በምድር ቤቱ ደረጃ ሥር ሞተው ተገኙ። ማጅራታቸው ተፈንክቷል። በእጃቸው የጨበጡት ነጭ መሐረብ ቀልቷል።

«ወድቆ ነዋ!» አለ ሐጂ ፊሩዝ። «ጥንታዊ ስጋጃዬን እንዲመረምር ጠርቼው እንኳ ሳያየው ቀረ።»

መርማሪው ሻለቃ ኪዩማርስ የስጋጃ ሠሪ ልጅ ነው። እናቱ ዕድሜዋን ሙሉ ቋጠሮ ስትቋጥር ጣቶቿ ተቆልምመው ቀርተዋል። አንዲት ቋጠሮ ሳይቋጥር «ስጋጃዬ» እያለ የሚንጎራደድ ሰው ሲያይ ያንገሸግሸዋል።

«ስጋጃው የት ነው?»

«ተቆልፎበታል። ቁልፉ ከኪሴ ወጥቶ አያውቅም፤ ማንም መናጢ እንዲነካው አልፈቅድም!» ሐጂ በአገጩ ወደ ሟቹ የወንድም ልጅ ጠቆመ። «ይልቅ ሱሄይልን ጠይቀው። ጠዋት ከአጎቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ነበር።»

«እዚህ ቤት አይሂዱ ስላልኳቸው ነው» አለ ሱሄይል ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ።

እዚያው ቤት ፎቅ ላይ አሮጌ ስጋጃ ስትጠግን የዋለችው ገላብተን ኻኑም፣ «አጎቱ ሲሞቱ እሱ እኔ ዘንድ ክር ይዞልኝ ነበር» አለች።

«የጠጋኝ ምስክር!» ሐጂ ከት ብሎ ሣቀ።

ሻለቃው መሐረቡን ወደ ብርሃን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሁሉንም ሰብስቦ የተቆለፈውን ክፍል አስከፈተ።

ስጋጃው ቀይ መደብ ላይ በጽጌረዳ ተጥለቅልቋል። ሻለቃው መጀመሪያ ገላብተን የምትጠግነውን ስጋጃ አስመጥቶ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሸው። በዕፅዋት ሥር ቀለም የተነከሩት የመቶ ዓመት አበቦች ጠብታ ቀለም አልለቀቁም። የሐጂን ሲያሸው ግን ጨርቁ ቀላ።

«ደም ሲደርቅ ይጠቁራል» አለ ሻለቃው። «የኡስታዱ መሐረብ ግን እንደ ሮማን ፍሬ እንደቀላ ነው። ቁስሉ ማጅራታቸው ላይ ነው፤ እጃቸው ላይ ደም የለም። ስለዚህ ይህን ስጋጃ አሽተውታል። ሐጂ፣ ሳያየው ሞተ አልክ። ቁልፉም ከኪሴ አልወጣም አልክ። ታዲያ ማን ከፈተላቸው?»

ሐጂ ፊሩዝ ድንገት ጮኸ።

«በገበያው ሁሉ ሊያዋርደኝ ነበር! 'የትናንት ቀለም ነው' ብሎ ስቆብኝ ወደ ደረጃው ሄደ... ገፋሁት።»

«እኔንም ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር» አለች ገላብተን ወደ ሐጂ ዞራ። «አዲስ መሆኑ በሩቁ ያስታውቃል። ግን ጠጋኝ ማን ይጠይቃል?»

እጁ በካቴና ታስሮ ደጃፉ ላይ ሲደርስ፣ «ጫማዬን አልብሱኝ» አለ ሐጂ እንደ ልማዱ።

ጎንበስ ያለለት አልነበረም። በካልሲው ወጣ።