በቧንቧው የመጡት ስድስት ምቶች

የመቶ አለቃ ገንዘቤ ከቦሌ ሚካኤል በታች፣ ወንዙ ዳር ካለው የብሎኬት ማምረቻ ስትደርስ የባለቤቱ የያሕያ አስከሬን ገና አልተነሣም ነበር። ጊዜው ሐምሌ 1988 ዓ.ም.፣ ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሆኖ ነበር። የጠዋቱ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ወጥታለች።

ሟቹ ከሲሚንቶ ማደባለቂያው አጠገብ፣ በቆርቆሮው ጥላ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። ቀኝ ጉንጩ መሬት ለመሬት በተዘረጋ የብረት ቧንቧ ላይ እንደ ትራስ አርፏል። ከግራ ጆሮው በላይ ያለው የራስ ቅል ግን ቅርጹን አጥቷል። ከእግሩ ሥር የተጣለው መዶሻ አጥንቱን ሰብሮ ቧንቧው ድረስ ዘልቋል፤ በብረቱ ላይ ሦስት የተሰረጎዱ ምልክቶች ይታያሉ። ከጎኑ በደም የተረጨ ቢጫ የዝናብ ልብስ ወድቋል።

ሐኪሙ እጁን እየታጠበ፣ «ሦስት ምት ነው፤ ትርፍ የለውም» አላት።

ከግቢው ላይኛ ጫፍ የሰው ጩኸት ተሰማ። ገንዘቤ በተደረደሩት ብሎኬቶች መካከል ወደ በሩ ወጣች። በበሩ አጠገብ ካለው የውሃ ታንከር ሥር ሁለት ፖሊሶች አንድን ሰው ከሌላው እጅ ለማስለቀቅ ይታገላሉ። የሚደበድበው የሟቹ ታናሽ ወንድም ሃይደር ነው። የሚደበደበው የታንከሩ ጠባቂ አምላኩ ነው። ሲያስለቅቁት አፉ በደም ተሞልቶ ነበር፤ ከግራ ጆሮውም ቀጭን የደም መስመር ወደ አንገቱ ወርዷል።

ሃይደር ቡጢውን ሳይፈታ፣ «ወላሂ ልቀቁኝ። በገዛ መዶሻችን ነው የፈጀው» አለ።

«አይተኸዋል?»

«እኔ በአይሱዙ ሲኤምሲ ብሎኬት ላደርስ ሄጄ ነበር። ያየው ካቦው ነው። ጋሽ ደቻሳን ጠይቂው።»

ካቦው ደቻሳ በበሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮ ተቀምጦ አገኘችው። ሃምሳ ዓመት የዘለለ፣ ጸጉሩ በሲሚንቶ ብናኝ ይሁን በሽበት የነጣ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው።

«የት ነበሩ፣ አቶ ደቻሳ?»

«እዚሁ በሩ ላይ። ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። ሚክሰሩም ቆሟል።»

«ምን አዩ?»

«ከታች፣ ከጥላው ሥር፣ ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው አየሁ። የአምላኩ ነው፤ በግቢው ሌላ ቢጫ የለም። ጠዋት ጋሽ ያሕያ ውሃ አፈሰስክ ብሎ በሰው ፊት ሰድቦታል። መዶሻውን አነሣ፣ አወረደው፤ ቋ። አነሣ፣ አወረደው፤ ቋ። አነሣ፣ አወረደው፤ ቋ።» ደቻሳ ይህን ሲል በእያንዳንዱ ምት መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

«ድምፁ ከመዶሻው ጋር እኩል ነበር?»

«እኩል ነበር እንጂ። እያየሁ፣ እየሰማሁ። ዕድሜ ልኬን ብሎኬት ስቆጥር ነው የኖርኩት፤ ሦስት ነው።»

«ሟቹስ ተናገረ?»

«ከመጀመሪያው ምት በፊት ‹ያ ረቢ› አለ። ቀስ ብሎ፣ ትንፋሽ በሚመስል ድምፅ ነው ያላት። አሁንም ከጆሮዬ አልወጣችም። ከዚያ ሰው ልጠራ ወደ መንገድ ሮጥሁ። ስመለስ አምላኩ ታንከሩ ጋ ቆሟል።»

ገንዘቤ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። ከዚያ አምላኩ ወደ ተቀመጠበት የፖሊስ መኪና ሄደች። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ከደቡብ የመጣ፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ መዘምራን ውስጥ የሚቆም ሰው ነው። እጁ በካቴና ታስሯል።

«ስንት ምት ሰማህ?»

«ስድስት።»

ጠባቂው ፖሊስ ሳቀ። «ሬሳው ሦስት ይላል፣ ካቦው ሦስት ይላል፣ አንተ ስድስት። ከዋሸህ እንኳ ቀንሰህ ዋሽ፣ ወንድሜ።»

«ስድስት ነው የሰማሁት። አምስት ብል እዋሻለሁ።»

«የት ሆነህ?»

«ታንከሩ ኋላ ጋደም ብዬ። ራሴ ቧንቧው ላይ ነበር፤ ቀኝ ጆሮዬ። ሁልጊዜ በቀኙ ነው የማዳምጠው።»

«ቧንቧ ላይ ምን ይደመጣል?»

አምላኩ የዘወትር ሥራውን ስለጠየቀችው ፊቱ በመጠኑ ተፈታ። «ሚክሰሩ ሲሠራ ከታች ቢጮኹ እዚህ አይሰማም። ስለዚህ ቧንቧውን ይመቱታል። አንድ ምት ክፈት ማለት ነው፣ ሁለት ምት ዝጋ። ጆሮዬን ብረቱ ላይ ካደረግሁ ሚክሰሩ ቢያጓራም ይሰማኛል። ዛሬ የታችኛው ገንዳ እስኪሞላ ውሃውን ከፍቼ ጋደም አልሁ። ድንገት ቋ፣ ቋ አለ። ሁለት ነው፤ እዚያው እንደተጋደምሁ እጄን ዘርግቼ ዘጋሁ። ደግሞ ቋ፣ ቋ። ዘጋሁ እኮ፣ ምን ይፈልጋል ብዬ ተናደድሁ። ሦስተኛም መጣ። ለካ ጋሽ ያሕያ እየሞተ ነበር፣ እኔ የተናደድሁት።»

ገንዘቤ በግራው በኩል ዞራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ዝናብ ልብሱ ጠየቀችው። አልመለሰላትም። እልህ መሰላት። ፊት ለፊቱ ቆማ ስትደግመው ግን፣ «ፀሐይ ሲወጣ ጥላው ሥር ሰቅዬው ነበር» አላት።

የጣቢያው አዛዥ በሬዲዮ ጠራት። «የዓይን ምስክር አለሽ፣ ደም የነካው ልብስ አለሽ፣ ፀብ አለሽ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስገቢው።» ገንዘቤ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። በዚህ ማስረጃ የተከሰሰ ሰው ፍጻሜው ስቅላት ሊሆን ይችላል። ስድስት የሚለውን ቃሉን ደግሞ ማንም ዳኛ እንደ ውሸት ይቆጥርበታል።

ቧንቧውን ተከትላ ወደ ታች ወረደች። ገንዳው እስከ ግማሹ ብቻ ሞልቷል። የምሳው ሰዓት ሙሉ ቢፈስ ኖሮ አፉ ድረስ ይደርስ ነበር። ቆማ ስታስብ ዓይኗ ከወንዙ ማዶ ባለ ድንጋይ ፈላጭ ላይ አረፈ። ሰውየው መዶሻውን ሲያወርድ ምንም አይሰማም፤ ድምፁ የሚደርሳት መዶሻው ተመልሶ ወደ ላይ ሲነሣ ነው። ደጋግማ አየችው። በማታ ትምህርት፣ ከልጆቿ ደብተር ጋር ተሻምታ ያነበበችው የፊዚክስ መጽሐፍ ትዝ አላት። ሜትር አስመጥታ ከጥላው እስከ ታንከሩ አስለካች። አንድ መቶ ሰባ ሜትር ሆነ።

ሁሉንም ከመሰብሰቧ በፊት የሟቹን ሚስት ሸምሲያን አነጋገረቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗ ደርቆ፣ በዝግታ መለሰችላት።

«ባለፈው ሳምንት ሲኤምሲ በእኛ ብሎኬት የተሠራ አጥር ተደርምሶ አንዲት የቀን ሠራተኛ ገድሏል። ከዚያ ወዲህ ያሕያ እንቅልፍ አልነበረውም። ብሎኬቱን አንድ በአንድ በጣቱ ያንኳኳ ነበር። ደህናው ይጮኻል፤ ሲሚንቶ የጎደለው እንደ ጭቃ ዝም ይላል። አብዛኛው ዝም አለበት። ‹ሰኞ ራሴ ሄጄ ለሕግ እናገራለሁ፤ ቡኬቱን ሲሚንቶ እየነፈገ ያቦካውንም ስሙን እጠራለሁ› ብሎኝ ወጣ።»

«ቡኬቱን የሚያቦካው ማነው?»

«የሲሚንቶውን ልክ የሚያወጣው ካቦው ነው።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ታንከሩ ሥር አቆመቻቸው፤ ሸምሲያን፣ ሃይደርን፣ ደቻሳን፣ በካቴና የታሰረውን አምላኩን። አንድ ፖሊስ መዶሻ ይዞ ከታች ጥላው ሥር ቆሟል። ለማረፍ የሚያሽቆለቁል አውሮፕላን በላያቸው እስኪያልፍ ጠበቁ። ጸጥ ሲል ገንዘቤ፣ «አምላኩ፣ እንደ ቀትሩ ሁን» አለችው።

አምላኩ ተንበርክኮ ቀኝ ጆሮውን ብረቱ ላይ ጣለ። ገንዘቤ መሐረብ አውለበለበች። ከታች ያለው ፖሊስ ቧንቧውን ሦስት ጊዜ መታ።

«ስንት ሰማህ?»

አምላኩ ቀና አለ። «ሦስት» አለ።

ደቻሳ በአፍንጫው ሳቀ። «ይኸው። ስቃዩን አታርዝሙበት፣ መቶ አለቃ፤ ይውሰዱት።»

የገንዘቤ ሐሳብ ሁሉ በዚህ ሰው ጆሮ ላይ የቆመ ነበር። አምላኩም ይህን የተረዳ መሰለ፤ ሆኖም፣ «አሁን የሰማሁት ሦስት ነው፤ ቀትር የሰማሁት ስድስት ነው። ጌታ ያውቃል» ከማለት በቀር አልጨመረም። ያን ጊዜ በአንገቱ ላይ የደረቀውን የደም መስመር አየችው። በግራው በኩል ቆመች፤ ከጆሮው አንድ ስንዝር ርቃ ጣቶቿን በቀስታ አፋተገች። አምላኩ ዘወር እንኳ አላለም።

«ሃይደር፣ አንተ ተኛ። ቀኝ ጆሮህን ብረቱ ላይ፤ ግራውን ግለጠው።»

ሃይደር ቅር እያለው ተንበረከከ። ገንዘቤ እንደገና መሐረቧን አውለበለበች። ሦስቱ ምቶች ሲያበቁ ሃይደር አልተነሣም።

«ስንት?»

«ስድስት» አለ፤ ድምፁ ተሰብሮ። «ቋ፣ ቋ። ሁለት ሁለት እያለ። ያ ረቢ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ገንዘቤ ድምጿን ሳታነሣ ማስረዳት ጀመረች። «ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከጥላው እስከዚህ መቶ ሰባ ሜትር ነው፤ ግማሽ ሰከንድ ይፈጅበታል። በብረት ውስጥ ግን ያው ድምፅ ዐሥራ አምስት ጊዜ ያህል ይፈጥናል። ስለዚህ አንዱ ምት ሁለት ሆኖ ይደርሳል። መጀመሪያ በቧንቧው ወደ ቀኝ ጆሮ፣ ቀጥሎ በአየሩ ወደ ግራው። በሥራ ሰዓት ሚክሰሩ ስለሚያጓራ የአየሩ ድምፅ ይዋጣል፤ አምላኩ የሚሰማው የብረቱን ብቻ ነው። ዛሬ ቀትር ግን ሚክሰሩ ቆሞ ነበር። ሦስቱ ምቶች በዚህ መንገድ ስድስት ሆነው ደረሱት። አሁን የብረቱን ሦስት ብቻ የሰማው ግራ ጆሮው በድብደባው ስለፈረሰ ነው።»

ሃይደር የገዛ ቡጢውን ተመለከተ።

«ስድስቱ እውነት ለመሆናቸው ሌላ ምስክር አለ። ገንዳው ግማሽ ላይ ቀርቷል። አንድ ምት ክፈት፣ ሁለት ምት ዝጋ ነው። ቧንቧው ላይ ጥንድ ምት የሰማ ሰው ብቻ ነው ያን ጊዜ ውሃውን የሚዘጋው። ያሕያ በተመታ ጊዜ አምላኩ እዚህ፣ መዝጊያው ላይ ነበር። ቢጫውን ልብስ የለበሰው ሌላ ሰው ነው።»

«ሌላ ማን?» አለ ደቻሳ። «እኔ ያየሁትን ነው የተናገርሁት።»

«አሁንም እንይ። ሁላችሁም ወደ ታች ተመልከቱ።»

መሐረቡ ሲውለበለብ ከታች ያለው ፖሊስ መዶሻውን አነሣ። አወረደው። በዝምታ አረፈ። ድምፁ የደረሳቸው መዶሻው ተመልሶ ወደ ላይ ሲጓዝ ነው። ደገመ። እንደዚያው ሆነ። ሸምሲያ ነጠላዋን ከአፏ አነሣች።

«አቶ ደቻሳ፣ ያዩት ምት ከድምፁ እኩል ነበር ብለውኛል። እዚህ የቆመ ሰው እኩል አያገኛቸውም። እኩል የሚሆኑት መዶሻው አጠገብ ለቆመ ብቻ ነው።»

«ሰው ይሳሳታል፣ መቶ አለቃ። የግማሽ ሰከንድ ነገር!»

«ይሳሳታል፤ በዚህ ብቻ ሰው አልይዝም። ግን ከታች ያለውን ፖሊስ፣ ከመሐረቡ በኋላ የሸምሲያን ስም በትንፋሽ ድምፅ እየደጋገምህ ጥራ ብዬው ነበር። እስካሁን እየጠራ ነው። ማን ሰማው?»

ሁሉም ጆሯቸውን አቀኑ። ወንዙ ብቻ ይሰማል።

«ድምፅ በራቀ ቁጥር ይበተናል፣ ይደክማል። በትንፋሽ የተባለች ‹ያ ረቢ› መቶ ሰባ ሜትር አትመጣም። እርስዎ ግን ቃሏን ከነአባባሏ ነገሩኝ። አልፈጠሯትም፤ ሰምተዋታል። የሰሙት ከራሱ በላይ መዶሻ ይዘው ነው። ሰኞ ስምዎን ሊጠራ ነበርና።»

ደቻሳ ከታንከሩ የተደገፈውን አካፋ ነጥቆ አጠገቡ የነበረውን ፖሊስ ፊቱን መታው። ጥርስ ሲሰበር ተሰማ። ወደ በሩ ሲሮጥ ሃይደር ከወገቡ ያዘው፤ ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ሃይደር በላዩ ሆኖ የደቻሳን ራስ ቧንቧው ላይ ተጫነው፤ በአንድ እጁ ብሎኬት አነሣ።

ገንዘቤ ሽጉጧን አወጣች። «ሃይደር፣ አስቀምጠው።»

ሃይደር አልሰማትም። ብሎኬቱ ሲወርድ አምላኩ በታሰሩ እጆቹ ክንዱን አቅፎ ያዘው፤ ሦስቱም ተንከባለሉ። ብሎኬቱ ከቧንቧው ጋር ተጋጭቶ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

ደቻሳ አፈር እየተፋ ተናገረ። «ለመንኩት እኮ። እግሩ ሥር ወደቅሁ። ‹ለሞተችው ምን ልበላት› አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን ሲያይ...» አልጨረሰም። ፖሊሶቹ አስረው ወሰዱት።

ገንዘቤ የአምላኩን ካቴና ፈታች። ሃይደር መሬት ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። አምላኩ በፊቱ ቁጢጥ አለ።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለው። ከዚያ ወደ ገንዘቤ ዞረ። «ግን ይጻፍልኝ። የእኔ ቃል ዛሬ ሲቀለድበት ነው የዋለው። ጆሮዬ እንዴት እንደፈረሰ በወረቀት ይቀመጥ።»

ሸምሲያ ሃይደርን አየችው። «ንገር» አለችው።

ገንዘቤ አዲስ ወረቀት አወጣች።

«እኔ ነኝ የመታሁት» አለ ሃይደር፤ ቀና ሳይል። «ሁለት ፖሊስ እስኪይዘኝ በቡጢ መታሁት። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።»