ከዛፉ ሥር ያለው ረድፍ

«አትተንፍሺ!» አላት አባቷ።

ፌንጣ ትንፋሿን ዋጠች። ሁለት እጆቿ ከቁመቷ በሚበልጠው ዘንግ ላይ ተጣብቀዋል። የዘንጉ ሹል ጫፍ ከመቃብሩ ራስጌ አርፏል፤ አናቱ ላይ ደግሞ የድስት ክዳን የመሰለው ጂፒኤስ ተቀምጦ ሰማዩን በሳተላይት ፍለጋ ያስሳል። ዘንጉ ላይ የታሰረችው ውሃ ልክ ውስጥ አንዲት አረፋ አለች። አረፋዋ ከክቧ ወጣ ስትል ፌንጣ በአገጯ ጭምር እየገፋች ዘንጉን ታቃናዋለች።

አባቷ የያዘው ታብሌት «ጢው» አለ።

«ያዘ። ቀጣይ።»

«አሁን መተንፈስ ይቻላል ወይስ ማመልከቻ ላስገባ?»

አባቷ አልሳቀም። ዓይኑን ከታብሌቱ ሳይነቅል ወደሚቀጥለው መቃብር በእጁ ጠቆማት። ፌንጣ ዘንጉን ተሸክማ ዘለለች። መቃብር መርገጥ ስለማትወድ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ዳር ዘላ ነው የምትሄደው። ፌንጣ የሚለውን ስም ያወጣላትም በር ላይ መኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሹፌር ነው።

«አንቺ ፌንጣ!» አለ ሹፌሩ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ። «የሞተ ሰው እኮ አይናከስም፣ ምን ያዘልልሻል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ ከመኪናው ወርደው አያውቁም፤ ደግሞ ስለ ጀግንነት ያወራሉ!»

ሹፌሩ ከት ብሎ ሳቀ። እዚህ ቦታ የሚስቅ ሰው እሱ ብቻ ነው።

አባቷ ቀያሽ ነው። ረዳቱ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድበት «ትምህርት ቤት ዝግ ነው አይደል? ነይ፣ ዘንግ ትይዢልኛለሽ» አላት። እሷም ዓይኗን ሳታሽ ተነሳች። በአዲሱ ትምህርት ቤቷ እስካሁን አብሯት የሚቀመጥ ሰው አላገኘችም፤ ደብተር ሊዋሱ ካልሆነ የሚያናግራት የለም። ቤት ስትገባ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ብቻውን ያወራል፣ አባቷ እያየው ዝም ይላል፣ እሷ ክፍሏ ገብታ ዝም ትላለች። «ሥራ ላይ ምናልባት ያወራ ይሆናል» ብላ ነበር። ተሳስታለች። ሥራ ላይም ያሉት ቃላት «ያዢ»፣ «አቅኚ» እና «ቀጣይ» ናቸው። ከቤቱ ጋር ሲተያይ ግን ይህም እንደ ወሬ ይቆጠራል። ፌንጣ ቀኑን ሙሉ በነዚህ ሦስት ቃላት መኖር ጀምራለች።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ረዘም አድርጎ ተናግሯል። ከውጭ ያለው መንገድ ሊሰፋ ነው። አጥሩ ወደ ውስጥ ይገባል። ካርታው ላይ ነጥብ ያለው መቃብር ቤተሰቡ ተጠርቶ በክብር ይነሳል።

«ነጥብ የሌለውስ?» ብላ ጠየቀችው።

«ባዶ መሬት ነው ተብሎ የመንገድ ሥራ ማሽኑ ይሄድበታል።»

ለዚህ ነው ድንጋዩ የወደቀውንም፣ ጽሑፉ የጠፋውንም ሳይቀር እያንዳንዱን የሚይዙት። ነጥቡ ከተያዘ በኋላ ታብሌቱ ስም ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ደግሞ ከሁለት አንዱን ምረጥ ይላል፦ «ጠያቂ ያለው» ወይም «ጠያቂ የሌለው»። ይህን የመፍረዱ ሥልጣን የፌንጣ ነው። ቀለም የተቀባ ወይም ዙሪያው የተጠረገ ከሆነ ጠያቂ አለው። አረም የዋጠው ከሆነ የለውም።

ጠዋት ቁጥቋጦ ሙሉ በሙሉ የሸፈነውን አንድ መቃብር ስታይ ምላሷን መያዝ አቃታት።

«የዚህኛው ልጆች ግን ምን ነክቷቸው ነው? አንድ ቀን እንኳ ዞር ብለው አያዩም? ዓይናቸውን በጨው የታጠቡ!»

የአባቷ ጣት ታብሌቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። «ሥራሽን ሥሪ» አላት። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሷን የከነከናትም ይኸው ነው።

ከቀትር በኋላ የቀረው በአጥሩ ጥግ፣ ከትልቁ ዛፍ ሥር ያለው ረድፍ ብቻ ሆነ። ፌንጣ ዘንጉን ተሸክማ ወደዚያ ስትራመድ ከኋላዋ የታብሌቱ ልባስ ሲዘጋ ሰማች።

«አበቃ» አለ አባቷ።

«እዚያስ?»

«እዚያ ሳተላይት አይገባም። ዛፉ ይከልለዋል።»

«እህ… ትናንት በሩ ጋ ያለው ዛፍም ከልሎን ነበር እኮ።»

አባቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

ትናንት ምን እንዳደረጉ ፌንጣ አልረሳችም። ሳተላይት እምቢ ሲል ሜትር አወጡ። ቀድመው ከያዙት ከአንዱ መቃብር ጥግ ለኩ፣ ከዚያ ከሌላው ለኩ፤ ሁለቱን ቁጥር ሲያስገቡለት ታብሌቱ ራሱ ቦታውን አገኘው። እንዲያውም «ሁለት የታወቀ ነጥብ ካለሽ ሦስተኛው አይጠፋሽም» ያላት አባቷ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሳተላይት አይደለም።

ከዛፉ ሥር ማን እንዳለም ታውቃለች። እናቷ ናት።

የቀብሩ ዕለት ፌንጣ የጎረቤት ሴትዮ እጅ ይዛ ነበር። ቀና ብላ ሰው ማየት ስላስፈራት እንደ ክርን የታጠፈውን የዛፉን ሥር ብቻ ስታይ ዋለች። ከዚያ በኋላ ቤት ቀየሩ። አባቷ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዘጋው፤ የእናቷ ስም ከቤታቸው ወጣ። እዚህ ተመልሰው መጥተው አያውቁም። አባቷ ይህን ሥራ ሲቀበል «የድሮው መቃብር» ብቻ ነው ያላት፤ እሷም «እሺ» ብቻ አለች።

«ጨረሳችሁ?» አለ ሹፌሩ ከሩቅ። «በሉ ግቡ፣ ፀሐይዋ አናቴን በሳችው!»

«ጨረስን» አለ አባቷ።

ፌንጣ መኪናው ውስጥ ገብታ ዝም ማለት ትችላለች። ዝም ካለች ነገም ሌላ ቦታ ይዟት ይሄዳል፤ «ያዢ»፣ «አቅኚ»፣ «ቀጣይ» ይላታል። ከተናገረች ግን ያቺ ቤት ያለችው ዝምታ እዚህም ትከተላቸዋለች፤ «ነገ አትምጪ» ሊላትም ይችላል። ያኔ እነዚያ ሦስት ቃላትም ቀሩ ማለት ነው። ዝም ካለች ደግሞ ማሽኑ ይመጣል።

ዘንጉን አስተኛችው። ከአባቷ የዕቃ ቦርሳ ውስጥ ሜትሩን መዘዘችና ወደ ዛፉ ሄደች።

የታጠፈውን ሥር ፈልጋ ለማግኘት ጊዜ አልወሰደባትም። አጠገቡ የተሰነጠቀ የሲሚንቶ ጠርዝ አለ፤ ድንጋይ የለውም፣ ስም የለውም። አረሙ እስከ ጉልበቷ ይደርሳል። ከዛፉ ጥላ ወጣ ብለው ጠዋት የያዟቸው ሁለት ድንጋዮች ቆመዋል፦ የአንድ አስተማሪና የአንዲት አዋላጅ። ፌንጣ የሜትሩን ቀለበት በአስተማሪው ድንጋይ ጥግ ላይ አንጠለጠለችና እየዘረጋች ወደ ዛፉ ሄደች። ልትደርስ ስትል ቀለበቱ ሾለከ፤ ሜትሩ ሣሩን እየገረፈ ተመልሶ እጇ ውስጥ ገባ።

እንደገና ሞከረች። ሾለከ። ጠጠር ጫነችበት። ጠጠሩም ወደቀ።

«ቀሽም ሜትር!» አለች፤ ድምጿ ግን መሃል ላይ ተሰበረባት። «አንድ ነገር እንኳ መያዝ የማትችል!»

በእልህ ለመጨረሻ ጊዜ ዘረጋችው። ደረሰች። ሜትሩ አልሾለከም። ይልቁንም ውጥር አለ። ቀና ስትል አባቷ ከአስተማሪው ድንጋይ ሥር ተንበርክኮ ቀለበቱን በአውራ ጣቱ ተጭኖታል።

«አታርግቢው» አለ። «ሳብ አድርጊና አንብቢ።»

ሳበች፤ አነበበችለት። እሱም ጻፈ። ተነስቶ ወደ አዋላጇ ድንጋይ ሄደና እንደገና ተንበረከከ። ሁለተኛውን ስታነብለት ታብሌቱ «ጢው» አለ። ስክሪኑ ላይ፣ ከአጥሩ መስመር አጠገብ፣ አዲስ ነጥብ በራ።

ስሟን ማንንም ሳይጠይቅ ራሱ ጻፈው። ሲጽፍ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ፌንጣም ያ ስም በዝግታ ከአፉ ሲወጣ ሰማችው። ከዚያ በሌሎቹ መቃብሮች ላይ እንዳደረገው ሁሉ ጠየቃት።

«ሁኔታው?»

ፌንጣ አረሙን አየች። «ጠያቂ ያለው» ብትል ማን ይከራከራታል? አባቷ እንኳ አይከራከራትም፤ እንዲያውም ፊቱ እንደዚያ እንድትል የሚለምናት ይመስላል።

«ጠያቂ የሌለው» አለች።

አባቷ ጣቱን ወደ ታብሌቱ ሰደደ። ያለችውን ተጫነ።

«ድንጋይ አስቀርጽላታለሁ ብዬ ነበር» አለ፣ ለታብሌቱ የሚነግረው ይመስል። «በሚቀጥለው ወር፣ በሚቀጥለው ወር ስል… በኋላ ባዶ እጄን መምጣት አፈርኩ።»

«እኔ ደግሞ አንተ ‹ነይ እንሂድ› እስክትለኝ ስጠብቅ።»

አባቷ የታብሌቱን ልባስ ዘጋው።

«አጥሩ ሲመጣ ግን ይጠሩናል አይደል?» አለች ፌንጣ።

«ነጥብ አላት። ይጠሩናል።»

የመኪናው ጥሩምባ ጮኸ። «እናንተ ሰዎች! እዚያው ልታድሩ ነው እንዴ?»

አባቷ ታብሌቱን ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ የተኛውን ዘንግ አነሳና ወደ በሩ ተመለከተ። ፌንጣ ግን እጅጌዋን ሰብስባ ቁጢጥ ብላለች። የመጀመሪያው አረም እሾህ ነበረበት፤ መዳፏን ወጋት፤ አልለቀቀችውም። ሥሩ ጓል አፈር ይዞ ብድግ አለ።

«አባዬ፣ እናንተ ሂዱ» አለች ቀና ሳትል። «እኔ ይህን ጨርሼ በእግሬ እመጣለሁ።»

ሌላኛውን አረም በሁለት እጇ ጨበጠች። ይሂድ አይሂድ ዞራ ላለማየት ወስናለች። ጥሩምባው ደግሞ ጮኸ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዋ ዘንጉ ሣሩ ላይ ሲጋደም ሰማች።