ወርዷል የተባለው ወንድም

የታሪክ ተመራማሪው ወደዚያች የማዕድን ከተማ የመጣው ተራራው እንዴት እንደተቦረቦረ፣ ወንዙ ለምን እንደጠቆረ፣ ሰዉስ ምን እንደሆነ ሊጽፍ ነው። የወንዙን ውሃ የምትመረምረው ልጅ ጠርሙሷን ወደ ብርሃን ስታነሳ ካያት በኋላ ግን፣ ታሪክ ሊጠይቀው የሚፈልገው ሰው ሁሉ ወንዝ ዳር የሚኖር ሆነ።

«ዛሬም መጣህ?» ትለዋለች።

«ወንዙ ጠርቶ እንደሆነ ልይ ብዬ።»

«በአንድ ሌሊት?» ትስቅና ጠርሙሷን ትከድናለች። ሳቋን ወደደው።

እናቷ ዘንድ ሄዶ ልጅቷን ለትዳር ጠየቀ። እናት ከላይ እስከ ታች አዩት።

«አባቷ ካረፉ ወዲህ የቤቱ አዛዥ ታላቅ ወንድሟ ነው። እሱን ጠይቅ።»

«የት አገኛቸዋለሁ?»

«ወርዷል።»

በማግስቱ ኮቱን ተኩሶ የማዕድኑ ጉድጓድ በር ላይ ቆመ። ፈረቃው አልቆ የሚወጣውን ሠራተኛ ሁሉ «የውሃ መርማሪዋ ወንድም እርስዎ ነዎት?» ይላል። ማንም አልሳቀበትም። ልጅቷ ሰምታ እየሮጠች መጣች።

«ማንን ነው የምትጠብቀው አንተ?»

«ወንድምሽን። ወርዷል አሉኝ።»

እጁን ይዛ ከበሩ ፈቀቅ አደረገችው። «አሮጌው ጉድጓድ ሲናድ እዚያው ቀርቷል። እኛ ጋ ሬሳው ያልወጣ ሰው ሞተ አይባልም። ወርዷል ነው የሚባለው።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ስንቷ ሴት ባሌ ወርዷል ብላኛለች! እኔ ‹ሥራ ላይ ነው› ብዬ ጻፍኩ።»

«እናቴ እንቢ አላለችህም። ያለ እሱ ከዳረችኝ ግን ሞቷል ማለቷ ነው። ይሄ ደግሞ ከአፏ አይወጣም።»

«አንቺስ?»

«እሷን ገድዬ አላገባም።»

ሲያወጣ ሲያወርድ ከርሞ እናትየዋን «እማማ፣ ብቻዬን ፈራሁ፤ ልጅዎን አብረን እንጠይቃቸው» አላቸው። ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ተከተሉት፤ ልጅቷም።

በተደፈነው አሮጌ ጉድጓድ ፊት እጅ ነሳ።

«ጋሼ፣ እህትዎን በትዳር ልጠይቅ መጥቻለሁ።»

እናት ጆሯቸውን ሰጥተው ጠበቁ። እሱም ኮቱን እንደቆለፈ ጠበቀ፤ መልስ የሚመጣ ይመስል።

«አይመልስልህም» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ… ልጄ እኮ ሞቷል።»

ሻርፓቸውን ጥለው ጮኹ። ልጅቷና እሱ ግራና ቀኝ ደገፏቸው። ጩኸታቸውን የሰማ ጎረቤት ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ባሎቻቸው የወረዱባቸው ሴቶችም የየራሳቸውን አለቀሱ።

ቤት ሲደርሱ ተመራማሪው በር አጠገብ ከለቀስተኞቹ ጋር ሊቀመጥ ሲል፣ እናት ባበጠ ዓይናቸው ልጃቸውን ጠቀሷት።

«እዚያ ምን ያደርጋል? አጠገብሽ አስቀምጪው። አማቹ ነው የሞተበት።»