የወፍ ቆጣሪዋ ዳገት

በረዶው የወረደባቸው ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆመው ሳሉ ነው። ሰገነት ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ወሸቀችና ጀርባዋን ለባሕር ዛፍ ግንድ ሰጠች። ጌድዮን ቦርሳውን አናቱ ላይ ደፍቶ አጠገቧ ተኮራመተ።

«ቲቸር፣ ብንመለስስ?»

«ሲያባራ አሥሩን ደቂቃ እንደ አዲስ እንጀምራለን» አለችው። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ።

ሰገነት ኮተቤ ባዮሎጂ ስታስተምር ኖራ ጡረታ የወጣች የስድሳ አንድ ዓመት ሴት ናት። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት መስከረም ሊያልቅ ሲል ከኮተቤ ተነሥታ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በላይ እስካለው አናት ትወጣለች። መንገዱ ላይ አሥራ ሁለት ነጥቦች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ አሥር ደቂቃ ቆማ ያየችውንና የሰማችውን ወፍ ሁሉ ትመዘግባለች። ክፍያ የለውም። መዝገቡ የሚደርሰው ናዝሬት ለምትባል ተመራማሪ ነው። ናዝሬት ማወቅ የምትፈልገው አየሩ በሞቀ ቁጥር ወፎቹ ወደ ከፍታ እየሸሹ እንደሆነ ነው። ይበልጥ ያስጨነቀቻት ደግሞ አውራ ጣት የምታክል፣ ዓይኗን ነጭ ቀለበት የከበባት ቢጫ ወፍ ናት። ሰገነት በእሷ ረድፍ ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ዜሮ ጽፋለች። ዘንድሮም ዜሮ ከሆነ፣ ናዝሬት ወፏ ከዚህ ተራራ ጠፍታለች ብላ ትጽፋለች።

ጌድዮን አያት ኮንዶሚኒየም የሚኖር የባንክ ሠራተኛ ነው። በፈቃደኝነት ሲወጣ ይህ የመጀመሪያው ነው።

በረዶው አባራና ቆጠሩ። ሁለት ቁራ፣ አንድ ርግብ። ቀጠሉ።

ከአራተኛው ነጥብ በፊት ያለው ፈፋ በአንድ እርምጃ የሚታለፍ ነበር። አሁን ግን ቡናማ ጎርፍ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርድበታል። ጌድዮን ቀድሞ ዘለለና እጁን ዘረጋላት። ዘለለች። የረገጠችው አፈር ከሥሯ ተናደና እስከ ወገቧ ውኃው ውስጥ ገባች። ክንዷን አንቆ ጎተታት። በደረቷ እየተሳበች ስትወጣ ጉልበቷ ተልጦ ይደማ ነበር። መጀመሪያ የዳሰሰችው ግን ደብተሩን ነው። አልረጠበም።

ስድስተኛው ነጥብ ላይ ጉም ወረደ። ቁጥቋጦው ውስጥ ቅርንጫፍ ተሰበረና ጅብ ወጣ። ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ።

«አትሩጥ» አለች ሰገነት በሹክሹክታ። «ጀርባህንም እንዳትሰጠው።»

ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ጅቡም እርምጃቸውን እየቆጠረ ተከተላቸው። ሰገነት ድንጋይ አንሥታ ወረወረች፤ ሳተች። ሁለተኛው ትከሻውን አገኘው። አጉረመረመና ጉሙ ውስጥ ገባ።

«ነጥቡስ?» አለ ጌድዮን።

«ተመልሰን እንቆማለን።»

«እዚያው?»

«አምና የቆምኩት እዚያ ነው።»

ቆሙ። ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ እግራቸው በልማድ ብቻ ይሄድ ነበር። አሥራ አንደኛው ነጥብ ሲደርሱ የመጋዝ ድምፅ ሰሙ። የጽድ ግንድ የሚቆርጡ ሦስት ሰዎች ሥራቸውን አቆሙ። መጥረቢያ የያዘው ወደ እነሱ መጣ።

«ማን ላካችሁ?»

«ወፍ ነው የምንቆጥረው» አለች ሰገነት።

«በዚህ ዝናብ? ወፍ?» አንገቷ ላይ ያንጠለጠለችውን የርቀት መነጽር መንጭቆ ወሰደ። ደብተሩንም ነጠቃትና ገለጠው። «ዜሮ… ዜሮ… ዜሮ። ይሄን ልትጽፊ ነው ይህን ሁሉ ዳገት የወጣሽው?»

«አዎ» አለች።

ሰውዬው የሚደማውን ጉልበቷን፣ በጭቃ የተለወሰውን ቀሚሷን አየ። ደብተሩን እግሯ ሥር ወረወረው። መነጽሩን ግን በራሱ አንገት ላይ አጠለቀው።

«ሂዱ። ዞር ብላችሁ እንዳታዩ።»

ከሰዓት በኋላ፣ ያለ መነጽር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ያለው አሥራ ሁለተኛው ነጥብ ደረሱ። ሰገነት ድንጋይ ላይ ዘፍ አለች። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጌድዮን ቀና አለ።

«ይሄ ቀጭን ፉጨት የምን ወፍ ነው?»

«የቱ ፉጨት?»

«ይኸው! ራሳችን ላይ!»

ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ አዳመጠች። ነፋስ። ከቅጠል የሚንጠባጠብ ውኃ። ሌላ የለም። ጌድዮን በጣቱ አሳያት። ጽዱ ላይ አምስት፣ ከዚያ ስምንት ትንንሽ ቢጫ ወፎች፣ ዓይናቸው በነጭ የተከበበ። አፋቸው ይከፈታል፣ ይዘጋል። እሷ ግን አንድም ድምፅ አልሰማችም።

«አገኘናት!» ጌድዮን ሳቀ።

ሰገነት አልሳቀችም። እነዚህን ወፎች ምንጊዜም የምታገኛቸው በጆሮዋ ነበር፤ ቅጠል ውስጥ ተሸሽገው ነው የሚውሉት። ጆሮዋ ለቀጭን ድምፅ መቼ እንደከዳት አታውቅም። ስምንት ብላ ጻፈች።

«ከታች ጀምሮ ይሄን ድምፅ ሰምተኸዋል?»

ጌድዮን አሰበ። «አልሰማሁም። እዚህ ነው የመጀመሪያዬ።»

አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ስልኳን አወጣች።

«ናዝሬት፣ የሦስቱን ዓመት ዜሮ እንዳታምኚው። የማልሰማው እኔ ነኝ።»

«ባይነግሩኝ ጠፍታለች ብዬ ልጽፍ ነበር» አለች ናዝሬት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የደወልኩት። ከታች ግን ዛሬ ደህና ጆሮ አብሮኝ ነበር፤ እሱም አልሰማም። የዛሬውን የታች ዜሮ ያዢው።»

«እሺ።» ናዝሬት አመነታች። «ለሚቀጥለው ዓመት… ሌላ ሰው ልፈልግ?»

ሰገነት ካልሲውን ወደሚጨምቀው ወደ ጌድዮን አየች።

«እሱ ይስማ፣ እኔ እጽፋለሁ። ከፈለገ ማለቴ ነው።»

ጌድዮን ካልሲውን ጨምቆ ጨረሰና እርጥቡን አጠለቀው።

«ለከርሞ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አላት።